ደጅ የወጣችው ወንበርሽ

ሙሉዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ተለያይተን ስለማናውቅ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ የምለውን ከሳሎን ሆኜ ጮክ ብዬ እነግርሽ ነበር፣ አንቺም ከወጥ ቤት ሆነሽ ጮክ ብለሽ ትመልሺልኝ ነበር። አሁን ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ጮክ ብልም የሚመልስልኝ የለምና ብዕር አነሳሁ። እንደምን ነሽ አልልሽም፤ አንቺ ደህና ቦታ መሆንሽን አልጠራጠርም። ወሬ ግን ሳይናፍቅሽ አይቀርም፤ ስለዚህ ወሬውን ልንገርሽ።

ኦክላንድ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። የፊት ለፊቱ ደረጃ ጠርዙ እንደተሸረፈ አለ፤ አከራዩም ነገ አሠራዋለሁ እንዳለ አለ። ጓሮ የተከልሽው ጤናዳም እኔ ውኃ ማጠጣት እየረሳሁ እንኳ ለምልሟል፤ እልኸኝነቱን ካንቺ ነው የወሰደው። ከአላሜዳ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሻት ወንበር መስኮቱ ሥር ናት። ታስታውሻለሽ፣ እግርሽ መሬት አልደርስ ብሎ ተንጠልጥሎ ሲቀር በመጋዝ እግሯን አሳጠርኩልሽ፤ ከዚያ ወዲህ ካንቺ ሌላ ለማንም የማትመች ወንበር ሆነች። አንድ ቀን ልቀመጥባት ብሞክር ጉልበቴ አገጬ ሥር ደረሰ። ተነሥቼ አቧራዋን ጠርጌ ተውኳት።

ሰላም ልጃችን ሳንታ ክላራ ቤት ገዝታለች። ሰፊ፣ ንጹሕ ቤት ነው፤ መብራቱ በአፍ ሲታዘዝ ይበራል። ለእኔ የሚሆን ክፍልም አለው። የደብዳቤዬ ጉዳይም እሱ ነው፤ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ በሬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ወደ ሰው የምወጣበት በሬ አንቺ ነበርሽ እኮ። የታመመ ስትጠይቂ፣ ለወለደች ገንፎ ይዘሽ ስትሄጂ፣ ከዩኒየን ሲቲ እስከ ሳን ሆዜ ለቅሶ ስትደርሺ እኔ ሾፌርሽ ነበርኩ። አድርሼሽ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ እጠብቅሻለሁ፤ ስትመለሺ ደግሞ «ታዴ፣ ሰው እኮ አይናከስም» እያልሽ ትስቂብኛለሽ። ወዳጆችሽ መጀመሪያ ሰሞን መጡ፣ ደወሉ። ስልክ ለማያነሳ ሰው ግን ስንት ጊዜ ይደወላል? ቀስ በቀስ ተውኝ፤ አልፈርድባቸውም።

አንድ ቅዳሜ ሰላም መጥታ ስታንኳኳ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ ዘግይቼ ከፈትኩላት። ፊቷ አመድ መስሏል። ሞቶ ነው ብላ ነበር። እቅፍ አድርጋ ይዛኝ ስትንቀጠቀጥ፣ ልጄን ምን እያደረግኳት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በዚያው ቀንም ቁርጡን ነገረችኝ። የቤቱ ኪራይ ውል መስከረም ላይ ሲያልቅ ኦክላንድን ለቅቄ እሷ ጋ እንድገባ ነው።

«አባዬ፣ ስትሬሱ ገደለኝ፣ አይ ካንት ስሊፕ። ወይ በርህን ክፈትና ከሰው ጋር ኑር፣ ወይ እኔ ጋ ሙቭ አድርግ» አለችኝ።

ሙሉዬ፣ ከዚህ ቤት መውጣት ለእኔ አንቺን ዳግመኛ መቅበር ነው። ይህ ደግሞ ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም። ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው፤ ካርቶን መሰብሰብም ጀመረች።

ሐምሌ ላይ ለመሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ማድሪድ መሄድ ነበረባት። ብቻዬን ትታኝ መሄድ አላስቻላትምና እንደ ሻንጣ ይዛኝ ሄደች። ሳክራሜንቶ ለመሄድ እንኳ ሳምንት ሙሉ የሚለመን ሰው ስፔን ደረሰ ሲሉሽ እዚያም ሆነሽ ሳትስቂ አትቀሪም። ማድሪድ ትልቅ ከተማ ነው፤ ያማረ ነው፣ ግን ሰው ይሮጣል፣ መኪና ይጮኻል፣ እኔም ከሆቴሉ ብዙም ሳልርቅ ሰነበትኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ሰላም ጸጥ ያለ ቦታ ላሳይህ ብላ በአውቶቡስ ቺንቾን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደችኝ። ከማድሪድ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። የወይራ ዛፍ በተተከለበት ደረቅ ኮረብታ መሐል እየተጠማዘዝን ሄድን። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ፍሬን አያበዛም፤ ሞያውን ሳይ ደስ አለኝ።

ምን ብዬ ልንገርሽ፤ አደባባዩ አራት ማዕዘን አይደለም፣ ክብም አይደለም፤ ሰው በእጁ የጋገረው ዳቦ ይመስላል። ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ተደግፈው ቆመዋል፣ በረንዳው ደረብ ደረብ ያለ፣ ቀለሙ አረንጓዴ። መሐሉ አስፋልት ሳይሆን አሸዋማ መሬት ነው። ስንደርስ ቀትር ነበር፤ በሩ ሁሉ ዝግ፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም። አገሩ ምን ሆኖ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሰላም ምሳቸውን በልተው ተኝተው ነው አለችኝ።

አንድ ከተማ ሙሉ ምሳውን በልቶ ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው። ታውቂ የለም፣ የኩባንያ አውቶቡስ እየነዳሁ እነዚያን ወጣት ሠራተኞች ጎህ ሳይቀድ ከኦክላንድ ወደ ሳንታ ክላራ ሳመላልስ እንቅልፋቸውን የሚጨርሱት ወንበር ላይ ነበር፤ ከሥራ ሲመለሱም እንደዚያው። በመስታወት አይቼ አሳዝነውኝ ፍጥነቴን የምቀንስበት ቀን ነበር። እዚህ ሰው በቀትር አልጋው ላይ ይተኛል። የሠለጠነስ እንዲህ ያለው ነው አልኩ በሆዴ።

ወደ ላይ ስትወጪ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። አንድ ረጅም የደወል ግንብ ብቻውን ቆሟል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ድሮ በጦርነት ጊዜ ፈርሶበታል። አጠገቡ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እሱ ደግሞ ግንብ የለውም። ግንቡ ሰዓት ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሰው ይሰበስባል። ቆሜ ሳያቸው እኔና አንቺን መሰሉኝ፤ እኔ ሰዓት ቆጣሪው፣ አንቺ ሰው ሰብሳቢዋ። የኔው ግንብ ግን አጠገቡ የነበረው እንደፈረሰበት ነው የቀረው። ሰላም እዚያው ፎቶ አነሳችኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ።

በዚያ አገር በበጋ ፀሐይ ቶሎ አትገባም። ወደ ማታ፣ ሰላም ባረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በስልክ ስታወራ፣ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። ግድግዳቸው በኖራ የነጣ ቤቶች ባሉበት ጠባብ መንገድ ስወርድ አንድ በር አጠገብ ወንበር ተደርድሮ አየሁ። ግድግዳውን ተደግፈው አሮጊቶች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? ለቅሶ ቤት ነዋ!

ወደ ኋላ ልመለስ ብዬ እግሬ አንዴ ዞሮ ነበር። መኪናው ውስጥ እንዳልጠብቅሽ መኪና የለኝ፣ አንቺም የለሽ። ለሰርግ ይጠራሉ፣ ለለቅሶ ግን ሳይጠሩ ይደርሳሉ የምትይው ትዝ አለኝ፤ የማያውቁት ሰው ለቅሶ እንኳ ቢሆን አይቶ ማለፍ አንቺ ዘንድ ትልቅ ነውር ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ በአማርኛ፣ ከዚያ ባዶ ሆና ያገኘኋት ወንበር ላይ እጄን አጣምሬ ቁጭ አልኩ። መቀመጫዋ በሣር የተጠለፈ፣ አጭር ወንበር ናት። የተቀመጡት ሁሉ ጸጥ አሉ። እኔም ጸጥ አልኩ። መቼም ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ከለበሱት አንደኛዋ ተነሥተው ገቡና በሰሐን የተቆረጠ ሐብሐብ አምጥተው ሰጡኝ። በነሱ አገር የለቅሶ ንፍሮ ይኼ ይሆናል ብዬ አንዱን አንስቼ አመሰገንኩ። ታዲያ ወዲያው አንዲቱ ክትክት ብላ ሳቀች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። ተናደድኩ። ሬሳው ተቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ እንዴት ይሳቃል ብዬ በዓይኔ ገሠጽኳቸው። ብሶ ሁሉም ሳቁ።

ሰላም ፈልጋ ያገኘችኝ ይሄኔ ነው። ትምህርት ቤት በተማረችው ስፓኒሽ ጠየቀቻቸው፣ መለሱላት፤ ከዚያ ግድግዳ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ካንቺ ሞት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ለካ የሞተ ሰው የለም። በበጋ ማታ ማታ ቤቱ ስለሚሞቅ እያንዳንዱ ወንበሩን ደጅ ያወጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አየር እየተቀበለ ያወራል። አንገታቸውን የደፉት ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው። ደነገጥኩ፣ አፈርኩ፣ ልነሣ አልኩ።

ሐብሐብ የሰጡኝ ሴትዮ ግን ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። ፒላር ይባላሉ። እንዲህ የሚቀመጥ ሰው የሞተበት ሰው አለ፤ ማን ነው የሞተበት ብለው ሰላምን ጠየቋት። እናቴ ናት ስትላቸው ሳቁ ቆመ። አንድ በአንድ ተነሥተው እጄን ያዙኝ፤ ሽማግሌውም ከእንቅልፋቸው ነቅተው ምን እንደሆነ ሳያውቁ እጄን ያዙኝ። ስምሽን ጠየቁ፤ ሙሉ ብሎ ለነሱ አልከበደም፣ ሁሉም በየተራ ጠሩት። ምን ዓይነት ሴት እንደነበርሽ ጠየቁ። ሰላም እየተርጎመች እኔ ተናገርኩ፤ አላሜዳ እየሄድሽ አቅመ ደካሞችን እንደምትንከባከቢ፣ ማታ ስትመለሺ እነዚያ ሽማግሎች የራባቸው ምግብ ሳይሆን ሰው ነው እያልሽ እንደምታዝኚ። ወይዘሮ ፒላር ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሉዬ፣ ያን መንገድ ብታዪው እንዴት በወደድሽው። አንድም ሽማግሌ ከመስኮት ጀርባ አልነበረም።

ልንሄድ ስንል የተቀመጥኩባት ወንበር የማን እንደሆነች ጠየቅኩ። የወይዘሮ ፒላር ሟች ባል ወንበር ናት። ማታ ማታ ከራሳቸው ወንበር ጋር ያወጧታል። የሳቸውን መታሰቢያ ደፍሬ ተቀመጥኩበት ብዬ ይቅርታ ስጠይቅ ሴትዮዋ የመለሱልኝን ሰላም እንዲህ ብላ ነገረችኝ፦

«ባዶዋን እንድትታይ አይደለም የማወጣት፤ ሰው እንዲቀመጥባት ነው።»

ይህን ነገር ይዤ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት።

ኦክላንድ በተመለስን በሳምንቱ፣ አመሻሽ ላይ ወንበርሽን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ደጅ አወጣኋት። የኔንም አጠገቧ አደረግኩ። ሰው ያልፋል፣ አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ ሌላው ጆሮው ውስጥ ከሰካው ነገር ጋር ያወራል። እንዲያው ሦስት አራት ማታ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ማታ ሻይ ላመጣ ገባ ብዬ ስወጣ ወንበርሽ የለችም።

ስንት ዓመት ኖሬበት ሞኝነቴ አይገርምሽም? በኛ ሰፈር ዕቃ መንገድ ዳር ከወጣ ውሰዱኝ ማለት ነው። ስንቱን ጠረጴዛ አንቺ ራስሽ አስጭነሽኛል። ሻዩን ደረጃው ላይ ትቼ በነጠላ ጫማዬ ሮጥኩ። የፊት ለፊቷ ጎረቤት፣ ሚስ ዶሮቲ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን በሌላው ወንበርሽን አንጠልጥለው ቀስ እያሉ መንገዱን ሲሻገሩ ደረስኩባቸው። የሚጣል መስሏቸው ነው፤ አጭር ስለሆነች ለአትክልት ሥራ ትሆነኛለች ብለው። የባለቤቴ ወንበር ናት አልኳቸው። በጣም ደነገጡ፣ ይቅርታ አበዙ፣ ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። ሚስትህ ወዴት ሄደች? ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ልትይዝ ስትወጣ እጇን ሳታነሳልኝ አታልፍም ነበር፤ ሳጣት አገሯ ገብታለች ብዬ ነው አሉኝ።

ሙሉዬ፣ ለቅሶሽን ሳን ሆዜ ያደረግነው አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ስላለው ነው። የማታውቂያቸው ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጅ የምታነሺላቸው ጎረቤትሽ ግን አልሰሙም። ቤታችን ደጃፍ ላይ ድንኳን ቢተከል ማን ይጠፋው ነበር?

«ሞታለች» አልኳቸው። ሌላ ማለባበሻ አልፈለግኩም።

ሚስ ዶሮቲ ወንበርሽን እግረኛ መንገዱ ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉባት። እግራቸው መሬት ነካ። ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ፣ አዳራሹ ውስጥ ለሰው ወንበር ሳቀርብ፣ ውኃ ሳድል ሳላለቅስ የቀረሁትን ለቅሶ እዚያ መንገድ ዳር ለቀቅኩት። በመኪና የሚያልፍ ሰው ቀስ ብሎ አይቶን አለፈ።

በማግስቱ ሚስ ዶሮቲ የራሳቸውን ወንበርና በፎይል የተሸፈነ ኬክ ይዘው መጡ። ለሰፈሩም ተናገሩ። እሑድ ማታ ላይኛው ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ወረዱ፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው መካኒክ የጎማ መቀመጫውን እየጎተተ መጣ። እያንዳንዱ ካንቺ የቀረ ነገር አለው። የላይኞቹ ልጃቸው ሲወለድ በራቸው ላይ ገንፎ ትተሽ እንደነበር ነገሩኝ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በስኳር በልተውታል። መካኒኩ ብርድ ሲሆን ጃኬት ልበስ እያልሽ በአማርኛ ትቆጪው ኖሯል፤ ቋንቋው ባይገባውም ይለብስ ነበር። እኔ ዘመኔን ሁሉ ሰዓት ስቆጥር አንቺ ለካ ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበሽ አስቀምጠሽልኝ ነበር።

ያን እሑድ ሰላም ካርቶኖቿን መኪናዋ ላይ ጭና ዕቃ ልታስርልኝ መጣች። በራችን ላይ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሩ ወለል ብሎ ስታይ መኪናዋን መንገድ መሐል አቁማ ወረደች። ሮጣ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

«እናትሽ ናት» አልኳት። «ጎረቤቶቿ ገና አሁን መስማታቸው ነው።»

አየችኝ፣ ሰዎቹን አየች። ሚስ ዶሮቲ ወንበርሽን ለቀውላት ወደ ራሳቸው ወንበር ሄዱ። ልጃችን ቁመቷን ከኔ ወስዳለችና ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯ ሥር ደረሰ፤ በዚያው ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ለረጅም ጊዜ ቆየች። የላይኛዋ ሴትዮ ጀርባዋን ትዳብሳት ነበር። ካርቶኖቹ ያን ማታ ከመኪናዋ አልወረዱም። የኪራዩን ውል መስከረም ሳይገባ አሳደስኩ።

እንግዲህ ይኼው ነው ወሬዬ። ወንበርሽን ዝናብ ሲመጣ አስገባታለሁ፣ ሲያባራ አወጣታለሁ። የተቀመጠባትን ሁሉ የማን ወንበር እንደሆነች ሳልነግረው አላስነሣውም፤ እኔ ብደክም ሰላም ትናገራለች፣ እሷ ብትረሳ ሚስ ዶሮቲ አይረሱም። መኪና ውስጥ መጠበቁንም ትቻለሁ። እውነትሽን ነው ሙሉዬ፣ ሰው አይናከስም።

ያንቺው ታደሰ